እጃችሁን ከጆሮ ላይ አንሱ!

«ጆሮ ግንድህን እንዳልልህ!»

ይህቺን ዐረፍተ ነገር ሳይሰማ ያደገ ካለ እጁን ያውጣ። (ሲያወጣ ሰው እንዳይመታ ይጠንቀቅ።) መቼም አማርኛችን ለጥፊ ያለው የቃላት ሀብት አይታማም። ማጮል አለ፣ ማላጋት አለ፣ ማጠናገር አለ። ጥፊው የሚያርፍበት ሰፈር ሳይቀር የራሱ ስም ወጥቶለታል፤ ጆሮ ግንድ። ካረፈ በኋላ የሚከተለው ድምፅም ቃል አላጣም፤ ጭው።

ያቺን «ጭው» ብዙዎቻችን በአካል እናውቃታለን። ከቤት ያልቀመሳት ከትምህርት ቤት ቀምሷታል፤ ከትምህርት ቤት ያመለጠ ከሰፈር ጎረምሳ አላመለጠም። የማናውቀው ነገር በዚያች ቅጽበት ጆሯችን ውስጥ ምን እንደሚሆን ነው። የዛሬው ጨዋታችን እሱ ላይ ነው። የጆሮ ታምቡር እንዴት እንደሚቀደድ፣ ከዚያም እንዴት እንደሚድን።

አዎ፣ ይድናል። እንዲያውም ራሱን በራሱ በመጠገን እንደ ጆሮ ታምቡር የሚያስገርም የሰውነት ክፍል ጥቂት ነው። ከኛ የሚፈልገው አንድ ውለታ ብቻ ነው፤ እጃችንን እንድንሰበስብለት። ችግሩ እኛ እጅ መሰብሰብ አልለመደብንም። ስንቆጣ በጥፊ፣ ሲያሳክከን በክብሪት እንጨት፣ ሲያመን በሞቀ ዘይት፣ እጃችን ከጆሮ ላይ አይወርድም። ይህ ጽሑፍ ባጭሩ «እጃችሁን ከጆሮ ላይ አንሱ» የሚል ነው። በረጅሙ ደግሞ እንደሚከተለው ነው።

የደብተር ወረቀት ያህል

የጆሮ ታምቡር ከሸሚዝ ቁልፍ ትንሽ የምታንስ፣ ስፋቷ ከ8 እስከ 10 ሚሊ ሜትር የሆነች ስስ ገለፈት ናት። ውፍረቷ የአንድ ሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ ያህል ነው። አንድ የደብተር ወረቀት እንደማለት ነው። በዚያ ስስነቷ ላይ ግን ሦስት ንጣፍ አላት። በውጭ በኩል ቆዳ፣ በመሃል እንደ ድርና ማግ የተሸመነ ጠንካራ ክር፣ በውስጥ በኩል ደግሞ የአፍንጫችንን ውስጥ የመሰለ እርጥብ ሽፋን።

ድምፅ ሲነካት ትርገበገባለች። ከጀርባዋ የተደረደሩት ሦስት ጥቃቅን አጥንቶች፣ መዶሻ፣ መስፍና እርካብ፣ ርግብግቢቱን እየተቀባበሉ ወደ ውስጠኛው ጆሮ ያደርሳሉ። ሌላም ሥራ አላት፤ ዘበኛ ናት። ከውጭ የሚመጣው ውኃና ቆሻሻ ወደ መካከለኛው ጆሮ እንዳይዘልቅ በሩን ዘግታ የምትቆመው እሷ ናት።

አሁን ጥፊውን እናምጣው። የጆሮ ቀዳዳ ከደጁ እስከ ታምቡሩ ድረስ በአዋቂ ሰው ሁለት ሴንቲ ሜትር ተኩል ገደማ የሚረዝም፣ አንድ ጫፉ የተዘጋ ቧንቧ ነው። የተዘረጋ መዳፍ ጆሮ ላይ ሲያርፍ እንደ ክዳን ይገጥማል። ቧንቧው ውስጥ ያለው አየር መውጫ ያጣል፣ ይታመቃል፣ ያለው ምርጫ ወደ ውስጥ መግፋት ብቻ ይሆናል። ወደ ውስጥ ስትሄዱ ያለችው ደግሞ ያቺ የደብተር ወረቀት ናት። ለታምቡር ከቡጢ ይልቅ ጥፊ የሚከፋውም ለዚህ ነው። ቡጢ አጥንት ይሰብር ይሆናል፤ ጥፊ ግን አየሩን ራሱን መሣሪያ ያደርገዋል። «በእጄ ብቻ እኮ ነው የመታሁት፣ ዱላ አላነሳሁም» የሚሉ ወላጆችና መምህራን ይህችን ነጥብ ቢያሰምሩባት ደስ ይለኛል።

አንድ ነገር ልጨምር። በጥፊ የተበሳ ታምቡር በአብዛኛው የሚገኘው በግራ ጆሮ ነው። ምክንያቱን ለማወቅ ሐኪም መሆን አያስፈልግም። አብዛኛው ሰው ቀኝ እጁን ይጠቀማል፤ ፊት ለፊት የቆመን ሰው በቀኝ እጅ ሲመቱት ጥፊው የሚያርፈው በግራ ጉንጩ ላይ ነው። ጆሮ አፍ የለውም እንጂ ማን እንዴት ቆሞ እንደመታው ይናገራል ማለት ነው።

ድልድዩ ሳይሠራ የሚሻገረው መንገደኛ

እሺ፣ ተቀደደ። ከዚያስ?

ለትንሽ ጊዜ ያማል፣ ጭው ይላል፣ አንዳንዴ ጠብታ ደም ይወጣል፣ ድምፅ ከሩቅ የሚመጣ ይመስላል። ቀዳዳው ትንሽ ከሆነ የመስማት ችሎታው የሚቀንሰው በጥቂቱ ነው፤ እየሰፋ በሄደ ቁጥር ጉዳቱም ይጨምራል። ከዚያ ግን በዝምታ አንድ ድንቅ ሥራ ይጀመራል።

ክንዳችን ላይ ስንቆረጥ ቁስሉ መጀመሪያ ከሥር በአዲስ ሥጋ ይሞላል። ቆዳው በዚያ በሞላው ላይ እየተራመደ ከዳርና ከዳር መጥቶ ይገናኛል። መጀመሪያ ድልድዩ ይሠራል፣ ቀጥሎ መንገደኛው ይሻገራል እንደማለት ነው። ታምቡር ግን ሥር የላትም። ከቀዳዳዋ ሥር ያለው ባዶ አየር ነው። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል። የውጨኛው ቆዳ ምንም መደገፊያ ሳይኖረው ከጠርዝ ተነሥቶ በባዶው ላይ መዘርጋት ይጀምራል፤ የውስጡ ክር የሚከተለው ቆይቶ ነው። መንገደኛው ድልድዩ ሳይሠራ ይሻገራል!

ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ ብትሉ፣ የታምቡር ቆዳ ድሮም ቢሆን ተጓዥ ነው። ሌላው የሰውነታችን ቆዳ ባለበት ያድጋል፣ ባለበት ይረግፋል። የታምቡር ቆዳ ግን ከመሃል ይነሣና ወደ ዳር፣ ከዳር ወደ ጆሮ ቀዳዳው ግድግዳ፣ ከዚያም ወደ ደጅ ይጓዛል። ተመራማሪዎች ታምቡር ላይ የቀለም ነጥብ አሳርፈው ጉዞውን ተከታትለውታል። ፍጥነቱ ከጥፍር እድገት ጋር ይቀራረባል፤ በቀን የአንድ ሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ ገደማ ነው። ይህ ጉዞ ባይኖር ኖሮ የሞተው ቆዳ እዚያው ተከምሮ ጆሯችንን ይደፍነው ነበር። ታምቡር ስትቀደድም ቆዳው ይህንኑ የመጓዝ ልማዱን ለጥገና ያውለዋል።

ውጤቱ የሚያስደስት ነው። በጥፊ ወይም በሌላ ድንገተኛ አደጋ ከተበሱት ታምቡሮች አብዛኞቹ ያለ ቀዶ ሕክምና ራሳቸውን ችለው ይዘጋሉ። ትናንሾቹ በቀናት፣ መካከለኞቹ በሳምንታት፣ ሰፋ ያሉት እስከ ሦስት ወር ባለው ጊዜ ውስጥ። ሲዘጋ ታዲያ ሁልጊዜ እንደ ድሮው አይሆንም። ብዙ ጊዜ የመሃለኛው ክር በደንብ ስለማይመለስ በተጠገነው ቦታ ላይ እንደ መስኮት መስታወት የሳሳች ቦታ ትቀራለች። መስማቱ ግን ይመለሳል።

ይህ ሁሉ ሲሆን ከኛ የሚጠበቀው ምንድን ነው? ጆሮውን ደረቅ ማድረግ። በሐኪም ካልታዘዘ በቀር ምንም ነገር አለማስገባት። አፍንጫን በኃይል አለመናፈጥ፣ ማስነጠስ ከመጣም አፍን ከፍቶ ማስነጠስ። ገላ ስንታጠብ ቫዝሊን የተቀባ ጥጥ በጆሮ ቀዳዳው ደጅ ላይ ማድረግ። ሶደሬም ላንጋኖም ቀዳዳው እስኪዘጋ ይጠብቃሉ፤ የትም አይሄዱም። ጠበል የሚጠመቅ ሰውም ይህቺኑ ጥጥ ቢያደርግ እምነቱ የሚቀንስ አይመስለኝም። በተረፈ መታገሥ ነው። ከባድ ማዞር ካለ፣ መስማት ጨርሶ ከጠፋ፣ ፊት ከተጣመመ፣ ወይም ጭንቅላት ላይ ከደረሰ አደጋ በኋላ ከጆሮ ደም ወይም ውኃ መሰል ፈሳሽ ከወጣ ግን ትዕግሥት አይሠራም፤ በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ነው።

የማትተኛዋ እጅ

መታገሥ ላይ ነው እንግዲህ የምንወድቀው።

እስኪ ዙሪያችሁን ተመልከቱ። ታክሲ ውስጥ በቁልፍ ጆሮውን የሚጎረጉር አለ። ቢሮ ውስጥ በእስክሪብቶ ክዳን የሚጎረጉር አለ። ክብሪት፣ ስንጥር፣ የፀጉር መርፌ፣ በዘመናዊው በኩል ደግሞ ጫፉ በጥጥ የተጠቀለለ እንጨት። አባቶቻችን እንኳ ከብር የተሠራች የኩክ ማውጫ ማንኪያ ከማተባቸው ጋር አንገታቸው ላይ ያንጠለጥሉ ነበር። ጌጥነቷ ያምራል፤ በጌጥነቷ ብትቀር እመርጣለሁ።

ከላይ እንዳልነው የጆሮ ቆዳ ራሱ ወደ ደጅ የሚጓዝ ነው። ኩክም በዚያ ላይ ተሳፍሮ ይወጣል። በእንጨት ስንገባበት የሚወጣውን መልሰን ወደ ውስጥ እንገፋለን፤ እግረ መንገዳችንን ቀዳዳውን እንቧጭራለን፤ አንድ ሰው በድንገት ክንዳችንን የነካን እንደሆነ ደግሞ ታምቡር ላይ እንደርሳለን። ታክሲ ውስጥ በቁልፍ የሚጎረጉረውን ሰውዬ አስቡትና የአዲስ አበባን ጉድጓዶች አስቡ። ሌላ ማብራሪያ ያስፈልጋል?

ቀጥሎ የምትመጣዋ እጅ የምትወደን እጅ ናት። ልጅ ጆሮውን ሲያመው እናት ወይም አያት ዘይት ታሞቃለች፣ ነጭ ሽንኩርት ትወቅጣለች፣ የጤና አዳም ቅጠል ትጨምቃለች። ፍቅሯን የሚጠራጠር የለም። ጆሮ ግን ፍቅርን ከዘይት አይለይም። ታምቡሯ ከተበሳች ዘበኛዋ የለችም። ያፈሰስነው ሁሉ በቀጥታ ወደ መካከለኛው ጆሮ ይገባል፤ እዚያ ሲደርስ ለጀርም የተዘጋጀ ግብዣ ይሆናል። ፋርማሲ ሄዶ «የጆሮ ጠብታ ስጠኝ» ብሎ መግዛትም መፍትሔ አይደለም። አንዳንዶቹ ጠብታዎች፣ ለምሳሌ ጄንታማይሲን ያለባቸው፣ በተቀደደ ታምቡር በኩል ወደ ውስጠኛው ጆሮ ከዘለቁ የመስሚያውን ነርቭ ሊጎዱ ይችላሉ። ታምቡሯ ተበስታለች ወይስ አልተበሳችም የሚለውን ደግሞ ከባንኮኒ ማዶ ሆኖ ማወቅ አይቻልም። በመመልከቻ መሣሪያ ማየት ያስፈልጋል።

እዚህ ላይ ሌላውን የመቀደጃ መንገድ እናንሣ፤ ጥፊ ሳይኖርበት የሚሆነውን። ሕፃን ልጅ ጉንፋን ይይዘዋል፣ ከጉንፋኑ ጋር መካከለኛው ጆሮ ይመረቅዛል፣ ሌሊቱን ሙሉ ሲያለቅስ ያድራል። ንጋት ላይ በድንገት ዝም ይላል። ትራሱ ላይ መግል ይታያል። ቤተሰቡ «ተመስገን ፈነዳለት» ብሎ ይተኛል። እውነትም ግፊቱ ስለቀነሰ ሕመሙ ቀንሷል፤ የፈነዳችው ግን ታምቡር ናት። ይህቺም ብዙውን ጊዜ ትድናለች። ሳትድን ብትቀርና መግሉ ሁለት ሳምንት ቢያልፈው ግን ጉዳዩ መልኩን ይለውጣል።

ለምን መሰላችሁ? ጆሮ የተበሳችሁ ሴቶች በደንብ ታውቁታላችሁ። ጆሮ በተበሳ ማግሥት ክሩን ወይም ስንጥሩን ብታወጡት ቀዳዳው ይዘጋል። ለወራት ከቆየ በኋላ ግን ጉትቻ ባታደርጉበትም ክፍት ሆኖ ይቀራል፤ ምክንያቱም ውስጡ ዙሪያውን በቆዳ ተሸፍኗል። ታምቡርም እንዲሁ ናት። መግልና ውኃ እየተመላለሰ ጠርዟን ካላሳረፋት የውጩ ቆዳና የውስጡ ሽፋን ጠርዙ ላይ ይገናኙና ቀዳዳው እንደ ነጠላ ጫፍ ተዘምዝሞ ያልቃል። ከዚያ በኋላ ሰውነት «ቁስል አለብኝ» ማለቱን ያቆማል። ቁስል የለማ! ቀዳዳ ብቻ ነው ያለው።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጣው ሪፖርት በዓለም ላይ ከ65 እስከ 330 ሚሊዮን የሚሆኑ ሰዎች በተበሳ ታምቡር በኩል የሚመግል ጆሮ እንዳላቸው፣ ከእነዚህም 60 በመቶ ያህሉ የመስማት ችሎታቸው በእጅጉ እንደተቀነሰ ገምቶ ነበር። የሚበዙት ደሀ አገር የተወለዱ ናቸው። በሽታው ጆሮ ላይ ብቻ የሚቆምም አይደለም። ሲከፋ ከጆሮ ጀርባ ያለውን አጥንት ይበላል፣ የፊት ነርቭን ያሽመደምዳል፣ እስከ አንጎል ይደርሳል። ሕክምናው ግን መጀመሪያ ላይ ቀላል ነው። ጆሮውን በንጹሕ ጥጥ ወይም ጨርቅ እየጠቀለሉ ማድረቅና ሐኪም ያዘዘውን ትክክለኛ ጠብታ ማድረግ። ዋናው ነገር በጊዜ መሄድ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል ይሉት የለ?

ተዘምዝሞ ለቀረውም ቀዳዳ መላ አለ። ሰዎች ይህችን ቀዳዳ ለመድፈን ያልሞከሩት የለም። እ.ኤ.አ. በ1640 ማርከስ ባንዘር የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም በአሳማ ፊኛ የተሸፈነች ትንሽ ቱቦ ጆሮ ውስጥ አስገብቶ እንደነበር ተጽፏል። በ1887 ደግሞ ክላረንስ ብሌክ የተባለ የቦስተን ሐኪም ቀዳዳው ላይ ቁራጭ ወረቀት ለጠፈ። ወረቀቷ ራሷ መድኃኒት አልነበረችም፤ ተጓዡ ቆዳ የሚረግጣት ድልድይ እንጂ። በ1950ዎቹ ቩልሽታይንና ዞልነር የተባሉ ጀርመናውያን ቀዶ ሐኪሞች ነገሩን ወደ ዘመናዊ ቀዶ ሕክምና አሳደጉት። ዛሬ ከአንገት በላይ ሐኪሞች ከጆሮ ከፍ ብሎ ካለው ጡንቻ ላይ ስስ ሽፋን ይቆርጡና ቀዳዳው ሥር ያነጥፉታል። በአብዛኛው ይሳካል። ልብ በሉ፣ እዚህም ላይ ሐኪሙ የሚያደርገው መንገዱን ማመቻቸት ነው። የሚሻገረው ያው የራሳችን ቆዳ ነው።

«ይድናል» የምትለዋ ቃል

አሁን ወደ ከባዱ ነገር እንምጣ። እስካሁን ያልኩትን አንብቦ «ራሱ የሚድን ከሆነማ ምን ችግር አለው?» የሚል አንባቢ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ጥፊን በመካከላችን በሰላም ያኖረው ይኸው «ይድናል» ነው።

የኢስታንቡል ፕሮቶኮል የሚባል ሰነድ አለ። ማሰቃየት የተፈጸመበትን ሰው ሐኪሞችና የሕግ ሰዎች እንዴት እንደሚመረምሩ የሚያስረዳ፣ የተባበሩት መንግሥታት እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ የሚጠቀምበት መመሪያ ነው። እዚያ ውስጥ ስለ ጆሮ የሰፈረው ነገር አጥንት ይሰብራል። በላቲን አሜሪካ ጆሮን በመዳፍ በኃይል መምታት ራሱን የቻለ የማሰቃያ ዘዴ ነበር፤ «ቴሌፎኖ» ይሉታል፣ ስልክ እንደማለት። ሰነዱ ታዲያ ሐኪሞችን ያስጠነቅቃል። ቶሎ መርምሩ፣ ከሁለት ሚሊ ሜትር ያነሰ የታምቡር ቀዳዳ በ10 ቀን ውስጥ ሊድን ይችላልና።

10 ቀን። ከዚያ በኋላ ማስረጃ የለም።

«የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ» ይላል የአገራችን ሰው። ታምቡር ግን ተወግታም ትረሳለች። ማረፊያ ቤት ውስጥ የተመታ እስረኛ ፍርድ ቤት እስኪቀርብ፣ ባሏ የመታት ሴት «ሽማግሌ ይየው» ተብላ ሁለት ሳምንት እስክትጠብቅ፣ መምህሩ የመታው ልጅ ለወላጁ ለመናገር ድፍረት እስኪያገኝ፣ ታምቡር ሥራዋን ጨርሳለች። ማዳኗ ለተመታው ጸጋ ነው፤ ለመቺው ደግሞ ነፃ መውጫ። በዚህ የምንወቅሳት ታምቡርን አይደለም። እሷ ቁስሏን ትዝጋ፤ መዝገቡን የማንዘጋው እኛ መሆን አለብን። ጆሮውን የተመታ ሰው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሐኪም ዘንድ ይሂድ፣ ሐኪሙም ያየውን፣ የትኛው ጆሮ እንደሆነና ስፋቱን ጭምር ካርድ ላይ ይጻፍ፣ «ማን መታህ?» ብሎም ይጠይቅ። «በር መታኝ» ለምትል ሴት ደግሞ በር እጅ እንደሌለው ማወቅ ለሐኪም ከባድ አይደለም።

ሕጋችን በዚህ ላይ ግማሽ መንገድ ሄዷል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ላይ ሕፃናት በትምህርት ቤቶችና በሕፃናት ማሳደጊያ ተቋማት ከአካላዊ ቅጣትና ከጭካኔ አያያዝ ነፃ የመሆን መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። ቤትን ግን አይጠራም። የ1996ቱ የወንጀል ሕግም በአንቀጽ 576 በሕፃን ላይ የሚፈጸም በደልን ይቀጣና ተገቢ የሆነ የማረሚያ ቅጣት በዚህ አይሸፈንም ይላል። «ተገቢ» የሚለው ቃል ወርዱ ስንት ነው? በሌላው የሰውነት ክፍል ላይ ልንከራከርበት እንችል ይሆናል። ጆሮ ላይ ግን ክርክር የለም። የደብተር ወረቀት ውፍረት ባለው ነገር ላይ የሚያርፍ ተገቢ ጥፊ የለም።

«እኛም ተመትተን አድገናል፣ ምን ሆንን?» የሚለውን መልስ አውቀዋለሁ። ጥያቄውን የሚጠይቁት ግን ጥያቄ የሚሰሙት ናቸው። ጆሮው ሲመግል፣ ከኋላ ወንበር ሆኖ መምህሩ የሚለውን ግማሹን እያጣ፣ አራተኛ ክፍል ላይ ያቋረጠው ልጅ በዚህ ክርክር ላይ የለም። «ምን ሆንክ?» ብሎ የጠየቀውም የለም።

እዚህ ላይ ቋንቋችን አንድ ጉድ አለበት። «መስማት» የምንለው ቃል ሁለት ነገር ነው፤ ድምፅ መስማትም፣ መታዘዝም። «ይሄ ልጅ አይሰማም» ሲባል የትኛው እንደሆነ አይለይም። «ደንቆሮ» የሚለው ስድብም እንዲሁ መስማት የተሳነውንና አላዋቂውን በአንድ ከረጢት ይከታል። እንግዲህ አስቡት። አንድ ልጅ «አትሰማም?» ተብሎ ጆሮ ግንዱን ይባላል። ታምቡሩ ትበሳለች። ዘይት ይገባባታል፣ ትመግላለች፣ ቀዳዳዋ ሳይዘጋ ይቀራል። ልጁ እውነትም መስማት ይቀንሳል። ሲጠሩት አይመልስም፣ ሲያዙት ያሳስታል። «ይሄ ደንቆሮ፣ ዛሬም አይሰማም!» ይባልና እጅ እንደገና ይነሣል። መጀመሪያ ቅጣቱ ለጥፋቱ ነበር። አሁን ጥፋቱ የቅጣቱ ውጤት ሆኗል።

ይህ ክብ የሚሰበርበት ቦታ ብዙ ነው። መምህሩ እጁን ቢሰበስብ ይሰበራል። እናት ዘይቱን ትታ ጤና ጣቢያ ብትወስደው ይሰበራል። የጤና ጣቢያው ባለሙያ ጠብታ ከማዘዙ በፊት መመልከቻውን ቢያነሣ ይሰበራል። «አይሰማም» የተባለ ልጅ ሁሉ ከመቀጣቱ በፊት ጆሮው ቢታይ ይሰበራል። ይህ የመጨረሻው ለትምህርት ቤቶች ብዙ ወጪ የለውም። ልጁን ከኋላው ሆኖ በዝግታ ስሙን መጥራትና ማየት እንኳ ጅምር ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ስለ መስማት ባወጣው ሪፖርት በዓለም ላይ ከ1.5 ቢሊዮን በላይ ሰዎች የመስማት ችሎታቸው በተወሰነ ደረጃ እንደቀነሰ ጽፏል። በሕፃናት ላይ ከሚደርሰው የመስማት ጉዳት ደግሞ 60 በመቶ ያህሉን መከላከል እንደሚቻል ይነገራል። የዓለም የመስማት ቀን በየዓመቱ የካቲት 24 ይውላል፤ የዓድዋ በዓል ማግሥት ነው። አንድ ቀን የጀግንነትን ዜና በታምቡርና በመለከት ካሰማን በኋላ፣ በማግሥቱ ስለ ሌላይቱ ታምቡር አንድ ቃል ብንተነፍስ ምን ይለናል?

«ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» ይባላል። ስለ ራሱ የሚወራውን አይሰማም ለማለት ነው። እኔ ግን በሌላ በኩል ልተርጉመው። ማናችንም የገዛ ታምቡራችንን አይተናት አናውቅም። በጨለማ ውስጥ ተቀምጣ፣ ሳንጠይቃት፣ በቀን የአንድ ሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ እየተጓዘች ራሷን ትጠግናለች። ደመወዝ አትጠይቅም፣ ምስጋና አትጠብቅም። የምትለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አትንኩኝ።

ጆሮ ዳባ ልበስ አንበላት።